የአበባ ጉርድ ፎቶ

ሰፈሩ «ቀና በል» ይለዋል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም የለውም ማለት አይደለም፤ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ቆሞ፣ የገባውን ሁሉ «ቀና በል! አትሳቅ! ሁለቱም ጆሮ ይታይ!» ሲል ስለኖረ ቃሉ ራሱ ላይ ተለጠፈበት። የመታወቂያ በሉት፣ የመንጃ ፈቃድ በሉት፣ የትምህርት ቤት በሉት፣ በዚያ ሰፈር አገጩን በጣቱ ቀና ያላደረገለት ሰው የለም። ሙሽራ አያነሳም፣ ልደት አያነሳም። «እኔ የጉርድ ሰው ነኝ» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። ሚስቱ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ፎቶዎቹን በመቁረጫ እየከረከመች ትንንሽ ፖስታ ውስጥ ትከት ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ መጋረጃ ተለያይተው አብረው ሠሩ።

ከዚያ ስልክ የሚባለው ጉድ መጣ። ሰው ሁሉ ፎቶ ቤቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ጀመረ፤ መሥሪያ ቤቶቹም ባለጉዳዩን እዚያው በራሳቸው ካሜራ ያነሱት ጀመር። ቀና በል አንድ ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሲል ከረመና ዘጋው። ከዕቃው ሁሉ ከሰው ጀርባ የሚሰቅለውን ነጭ ጨርቅ ብቻ አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይዞ ገባ። ቤት መዋል ደግሞ አያውቅበትም። ሚስቱ ከጓዳ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ጓዳ ስትል ሁልጊዜ መሐል መንገድ ላይ ያገኛታል።

በዚያው ዓመት ልጃቸው ወለደች። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ አውቶቡስ ማልዶ ተነሥቶ ሲመሽ የሚደርስበት። እናት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ልታርሳት ሄደች። የተባለው ለሦስት ወር ነው። በሩ ላይ ቆማ «አበቦቼን አደራ፣ በተለይ በጋውን» አለችው። ስለ እሱ ስለ ራሱ ምንም አላለችም፤ እሱን አደራ የምትሰጠው ሰው አልነበረማ።

ሦስት ወሩ አለፈ። ሕፃኑ ጥርስ አወጣና አስቸገረ። ልጅቷ ሥራ ጀመረች። ሕፃኑ ዳዴ አለና የሚይዘው ጠፋ። ልጅቷ ደገመችና ሁለተኛ አረገዘች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሞላ። ተጣሉ እንዳትሉ አልተጣሉም። ተፋቱ? ኧረ ምን ሲደረግ! ብቻ አልተመለሰችም። እሱም አንድ ቀን «መቼ ነው የምትመጪው?» ብሎ አልጠየቀም። የሰው ልጅ አፍ ለምን እንደተፈጠረለት ይገርመኛል፤ ለሺህ ሰው «ቀና በል» ለማለት የማይሰንፍ ምላስ፣ ለገዛ ሚስቱ ሁለት ቃል ማውጣት ሞት ሲሆንበት! አንድ ጊዜ ሄዶ ጎብኝቷታል። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ እግሩ ከሶፋው ተርፎ አራት ሌሊት አደረ። በአምስተኛው ቀን ልጅቷ የሕፃኑን ልብስ የምታሰጣበት ቦታ እንዳጣች ሲገባው «ሥራ አለብኝ» ብሎ ተመለሰ። ምን ሥራ እንዳለበት ማንም አልጠየቀውም።

ወደ አበባው የገባው እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ሚስቱ ደውላ፣ ከሰላምታው በኋላ ወሬ ሲያልቅባቸው፣ «ነጩ ጽጌረዳ አበበ?» አለችው። ወጥቶ አየ። አብቧል። ያን ሁሉ ዓመት በአጠገቡ ሲያልፍ አንድ ቀን ቆም ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር። ልጁ በገዛችለት ስልክ፣ በዚያ እንጀራውን በበላበት ዕቃ፣ ሊያነሳው አነጣጠረና አላማረውም። ከጀርባው የታጠበ ካልሲ ይታያል፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ይታያል። የጉርድ ሰው ይህን እንዴት ይችላል! ገባና ነጩን ጨርቅ አምጥቶ በሁለት እንጨት ወጠረው። ጽጌረዳዋን አገጯን በጣቱ ደገፍ አድርጎ፣ «ቀና በዪ እስቲ፣ የኔ እመቤት» አላትና አነሳት።

ላከው። ገና ስልኩን ሳያስቀምጥ ተደወለ። ሌላ ጊዜ ሁለት ደቂቃ የማትሞላው ሴትዮ ግማሽ ሰዓት አወራችው! ተክሏን ከየት እንዳመጣቻት፣ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ልትሞትባት እንደነበር፣ ሕፃኑ ሥዕሏን አይቶ ስልኩን ሊስም እንደሞከረ። ቀና በል ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «እ... እ...» ሲል ሰማ። ስልኩ ሲዘጋ ጆሮው ግሎ ነበር። ያን ቀን በልቡ አንድ ነገር ቆረጠ። አፍ አውጥቶ «ነይ» አይላትም፤ ግን ግቢዋን በየቀኑ እያሳያት፣ እያስጎመዣት፣ ናፍቆት ራሱ አንጠልጥሎ እንዲያመጣት ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግ ዘመን ነበር፤ አልዋሽም። ጠዋት ተነሥቶ ግቢውን ይዞራል። ቀዩ ጽጌረዳ ጤዛ ይዞ የሚያምረው ፀሐይ አጥሩን ሳታልፍ እንደሆነ ተማረ። ቢጫው ሲከፈት እንጂ ከተከፈተ በኋላ እንደማይነሣ ተማረ። ዳሊያ ፊቷ ሰፊ ስለሆነ ራቅ ማለት ይፈልጋል፤ ጃዝሚን ደግሞ ብቻዋን አትነሣም፣ እንደ ቤተሰብ ተሰብስባ ነው። ጉንዳን ሲያይ ይቆማል። ንብ ስትመጣ ጨርሳ እስክትሄድ በትሕትና ይጠብቃታል፤ ወረፋዋ ነዋ። ራሱም ሳያስበው አበባ ማየት ይወድ ጀመር፤ አንዳንዴ ማንሳቱን ረስቶ ይቀመጣል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ግን ምን ያደርጋል፣ ሰው ከሙያው አይወጣም። በጉርድ ፎቶ ሕግ ፀጉር ጆሮ ላይ አይወድቅም፤ ይሰበሰባል። ቀና በልም በየአበባው ዙሪያ ፊቷን የሚጋርድ ቅጠል ባየ ቁጥር ቀጨት ያደርገዋል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሦስት። «ጆሮዋ ይታይ» እያለ! ሥዕሎቹ በእውነት ልዩ ሆኑ፤ አበባዋ ብቻዋን፣ ንጹሕ ነጭ ላይ፣ ፊት ለፊት። ተክሎቹ ግን እርቃናቸውን ቀሩ። በጋው መጣ፣ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መምጣት ጀመረ፣ ቅጠል የሌለው ተክል ምን ጉልበት ኖሮት ይችለዋል? ቀዩ መጀመሪያ ሄደ። ከዚያ ጃዝሚኗ። ከዚያ ቢጫው። ዳሊያዎቹ ምንም ሳይሉ ወደ መሬት ተመለሱ። ነጩ ጽጌረዳ አንድ እምቡጥ እንደያዘ ቀጥ ብሎ ደረቀ።

ቀና በል ደነገጠ። የሚነግረው ሰው ቢኖር ይነግር ነበር። ለእሷ? «አደራሽን በላሁት» ብሎ? አንጀቱ እንቢ አለው። ያን ጠዋት ምንም አልላከም። ከሰዓት በኋላ መልእክት መጣ፤ «ምነው ዛሬ አልላክህልኝም? አሞህ ነው?» ይላል። አሞህ ነው አለችኝ ብሎ ደግሞ ደስ አለው፣ ሞኝ! ነጩን ጨርቅ በብብቱ ይዞ ወጣና፣ ሁለት ቤት አልፎ ከልብስ ሰፊዋ አጥር ላይ የተንጠለጠለች ቀይ ጽጌረዳ አነሣና ዓይኑን በጨው አጥቦ ላከው። «ቀዩ ደገመ!» ብላ ደወለች። ነጭ ጨርቅ ምን ክፋት አለው፤ የየትኛው ግቢ እንደሆነች አይናገርም።

ከዚያ ወዲያ የሰው አበባ ለቃሚ ሆነ። የትምህርት ቤቱ አጥር፣ የአደባባዩ መሐል፣ የጤና ጣቢያው ግቢ። እንጨቱንና ጨርቁን ተሸክሞ ሲሄድ ያየው ሁሉ ድንኳን ሊተክል የሚሄድ ይመስለዋል። ጤና ጣቢያው ጋ ጥበቃው አንድ ቀን አስቆመው።

«ጋሼ፣ እዚህ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።»

«አበባዋን ነው የማነሳው።»

«አበባዋም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ናት።»

«ጉርድ ብቻ ነው» አለ ቀና በል፣ «ከአንገት በላይ።»

ጥበቃው ሣቁ አመለጠውና «በል ቶሎ በል፣ ኃላፊዋ ሳትወጣ» ብሎ ራሱ የጨርቁን ጫፍ ያዘለት። ቀና በል ያን ቀን ማታ ቤቱ ገብቶ ይህን ወሬ ለማን እንደሚያወራው ሲፈልግ ሰው አጣ። ለሚስቱ እንዳይነግራት አበባዋ የግቢያቸው ናት ተብላለች። ብቻውን ሣቀና ሣቁ ራሱ ሆድ አስባሰው።

እንዲህ ሲል ዓመት ከመንፈቅ ገፋ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«አንተዬ፣ የማወራህ ነገር አለኝ» አለች ሚስቱ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም። እኔ እኮ፣ ልንገርህ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ ፈትቼ አላውቅም። ከአልጋው ሥር ናት፣ ግማሹ ልብሴ እሷ ውስጥ ነው። በጋ በመጣ ቁጥር ያ ሰውዬ አበቦቼን ፈጃቸው፣ ልሂድ፣ ልሂድ እላለሁ። ከዚያ ያንተ ፎቶ ይመጣል። እኔ ከነበርኩበት ጊዜ ይልቅ አምሮ! አንድ ቀን እንኳ አልጎደለም። ትናንት ያቺን ቢጫዋን ሳያት ልቤ እርፍ አለ። ግቢው እኔን አይፈልግም አልኩ። አንተም ቢሆን...»

«እኔ ምን?»

«ሥራ አግኝተሃላ። በደስታ ነው የያዝከው፣ ያስታውቃል። ልጅትም ከኛው ጋር ቅሪ፣ የሕፃናቱን ክፍል ለሁለት እንከፍለዋለን እያለችኝ ነው። ምን ይመስልሃል? ብቻህን አይቸግርህም አይደል?»

አሁን «ነይ» በላት እንጂ! አሁን ነበረ! ቀና በል ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረና፣ በመስኮቱ ያንን የደረቀ ግቢ እያየ፣ «ምን ይቸግረኛል፣ እንደ ወደድሽ» አለ።

«በል እንግዲህ» አለች እሷም፣ ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ። «እነግራታለሁ።»

ያን ዕለት ምሳ አልበላም። ሰኞም ወንበሩ ላይ ዋለ። በገዛ እጁ፣ በገዛ ጨርቁ፣ በገዛ ሙያው ሚስቱን «ቅሪ» ብሏታል፤ ይህም የገባው ያን ጊዜ ነው። ማክሰኞ ግን እግሩ ልማዱን አልተወምና ልብስ ሰፊዋ አጥር ሥር ሄዶ ጨርቁን መወጠር ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ ትሰፋለች፤ አፏ ላይ መርፌ ይዛም ቢሆን ወሬ አይቀርባትም።

«ጋሽዬ፣ ይሄ ሁሉ ፎቶ ለማን ነው ግን? ዓመት አለፈዎት እኮ።»

«ለባለቤቴ።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«አትመጣም» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም አዲስ ሆነበት። «ግቢው አምሮልሃል፣ እኔን አትፈልጉም አለች።»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች። የቀና በልን ግቢ በየቀኑ ስታልፍ ታየዋለች፤ ምድረ በዳ ነው። «ቆይ፣ የኔን አበባ ነው የራሳችን ነው ብለው የሚልኩላቸው?»

ቀና በል ጨርቁን አየ።

«ወይ ጉድ! ጋሽዬ፣ እኔ ራሴ ብሆን ባሌ ሁሉ ሞልቶልኛል፣ ሁሉ አምሮልኛል እያለኝ ምን ልሠራ እመጣለሁ? ልወለውል? የደረቀውን ይላኩላቸው እንጂ! ሰው እኮ የሚፈለግበት ቦታ ነው የሚሄደው» አለችና መኪናዋን ማስጮህ ቀጠለች።

ቤቱ ሲገባ ጨርቁን አልወጠረም። ከአጥሩ በር ጋ ጀርባውን አስደግፎ ቆመና፣ ዕድሜውን ሙሉ አድርጎ የማያውቀውን፣ ወደ ኋላ ርቆ ሁሉንም በአንድ ላይ አነሳ። የደረቁት ግንዶች፣ የተሰነጠቀው መሬት፣ ሽቦው ላይ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ወንበር። ሳያስብበት ላከው፤ ቢያስብበት አይልከውም ነበር።

ስልኩ ለመጮህ ትንሽ ቆየ።

«ይሄ የማነው?» አለች።

«የኛው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምና በጋ።»

«ታዲያ እነዚያ ሁሉ?»

«የሰው ናቸው። የልብስ ሰፊዋ፣ የጤና ጣቢያው። ቅጠላቸውን እኔ ነኝ የጨረስኩት፣ ለፎቶው ብዬ።»

ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሳህን ይንኳኳል። ቀና በል ትቆጣኛለች ብሎ ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስትመጪ ያማረ ነገር እንድታዪ ብዬ... ማለቴ፣ እንድትመጪ ብዬ ነው። ያማረ ካየሽ ትመጫለሽ ብዬ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች፣ ድምፅዋ ተሰነጣጥቆ። «እኔ ላማረ ነገር ብዬ ነው እንዴ ስመጣ የነበረው? ሠላሳ ስምንት ዓመት ያችን ከመጋረጃው ኋላ ያለች ጨለማ ጓዳ አማረች ብዬ ነው የመጣሁባት?»

አፍንጫዋን ጠረገችና ወደ ነገሯ ተመለሰች፤ ሁሌም እንዲህ ናት። «ስማኝ። ደረቀ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። አንድ እንኳ ነፍስ ያለው ከተገኘ አንተው ታድነዋለህ፣ እኔ በስልክ እነግርሃለሁ፣ ከእሱም እየቆረጥክ ግቢውን መልሰህ ትተክላለህ። ሁሉም ሞተው ከሆነ ግን ዝናቡ ሳይገባ እኔው መጥቼ እንደ አዲስ መጀመር አለብኝ፤ ባዶ መሬት ትቼ እዚህ አልቀመጥም። ልጅትን እነግራታለሁ። ውጣ አሁን፣ ስልኩን እንዳትዘጋ። ግንዱን ከታች በጥፍርህ ፋቀው። ከሥር አረንጓዴ ከሆነ አለ፣ ቡናማ ከሆነ የለም።»

ቀና በል ወጥቶ ተንበረከከ። ቀዩን ፋቀው።

«ቡናማ ነው።»

«ዝቅ ብለህ ፋቀው።»

«ቡናማ ነው።»

«ወይኔ... ቢጫውን።»

ቢጫውም ቡናማ ነው። ጃዝሚኗ ገና ሲነካት ተሰበረች። እሷ በእያንዳንዱ «እሕ» ትላለች፣ ሰው እንደሞተባት። የሱ ልብ ደግሞ፣ ያሳፍራል ግን እውነቱ ይህ ነው፣ በእያንዳንዱ ቡናማ ግንድ ከፍ ይላል። የዳሊያዎቹን ሥር ቆፈረ፤ በስብሷል። ነጩን ጽጌረዳ ከላይ እስከ ታች ላጠው፤ ምንም የለም። የአውቶቡሱን መናኸሪያ አሰበ፤ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ሻንጣዋን ማን እንደሚያወርድላት፣ አልጋው አንሶላ መቀየር እንዳለበት።

«አለቁ?» አለች።

«አለቁ መሰለኝ።»

«ከአጥሩ ጥግስ? ያቺ ስሟን የማላውቃት፣ አንዲት ሴትዮ በመንገድ የሰጠችኝ? አብባልኝ አታውቅም።»

አዎ፣ አንዲት እንጨት አለች። አበባ አውጥታ ስለማታውቅ ቀና በል ፎቶም አንስቷት፣ እጁንም አሳርፎባት አያውቅም። በጉልበቱ ሄዶ ደረሰባትና ከታች ፋቃት። ልጣጩ በቀላሉ ተነሣ። ከሥሩ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ፣ እርጥብ፤ ጥፍሩን አረጠበው።

«ምነው ዝም አልክ?»

አንድ ቃል ነች። ማን ያያል? ቅዳሜ አውቶቡሱ ላይ ትሆናለች። ይህን ያህል ጊዜ የሞተውን አለ ሲል የከረመ ሰው፣ ያለውን ሞተ ለማለት ምን ይቸግረዋል? ቸገረው። እሷ ትንፋሽዋን ይዛ ስትጠብቅ ይሰማዋል፣ ያቺን ትንፋሽ ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባም ቢሆን ለይቶ ያውቃታል።

«አረንጓዴ ነች» አለ።

«እውነትህን ነው?»

«እርጥብ ነች። ጥፍሬን ነካችኝ።»

«እሰይ! እሰይ! ተመስገን!» ጮኸች፤ ሳህን የምታጥበዋን ልጇን ስትጠራ ሰማት፤ «አንዷ አለች! አንዷ አለች!» ያን ደስታ፣ ያን ድምፅ ሲጠብቅ ነበር ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የሰው አጥር ሥር የቆመው። «በል አሁኑኑ ውሃ ስጣት፣ በዝግታ፣ ከሥሯ። ቅጠል እንዳትነካ! እሑድ እደውላለሁ።»

«አንቺዬ፣ ግን እኮ...» አለ ቀና በል።

ዘግታዋለች። ስልኩን ኪሱ ከቶ ባልዲውን ሊያመጣ ተነሣ።